የጎማ ነፋስ ልክ፤ ለመኪናውም ለማሳውም

በጣና ሐይቅ ዙሪያ የተዘረጋው ጥቁር መሬት፣ ዋልካው፣ በበጋ እንደ ጡብ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና የረገጠውን ሁሉ ይዞ አልለቅም ይላል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታና ወደ ፎገራ ሜዳ የሚሄድ፣ ወይም ከሐይቁ በስተሰሜን ወደ ደምቢያ የሚዘልቅ መንገደኛ አስፋልቱን ለቅቆ ጥቂት እንደ ገባ የሚያገኘው ይህንኑ አፈር ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ በተኙ ጊዜ እንደ ታየው፣ በዚህ አካባቢ ውኃና አፈር ሲገናኙ መንገድ የሚባል ነገር ይጠፋል።

በዚህ መሬት ላይ ዛሬ የሚመላለሰው የበሬ ጥማድና የጭነት አህያ ብቻ አይደለም። የኪራይ ትራክተር፣ ሩዝና ሽንኩርት የሚጭን አይሱዙ፣ ወላድ የሚያነሣ አምቡላንስ፣ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ፣ ጎማ የተገጠመለት የፈረስ ጋሪ ሁሉ ይገባበታል። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር ነፋስ በተሞላ ጎማ ላይ መቆማቸው ነው። ሆኖም ስለ ሞተሩ ዘይትና ስለ ራዲያተሩ ውኃ የሚጠይቅ ብዙ ሲሆን፣ ጎማው ስንት ነፋስ እንደ ያዘ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም።

የዚህ ቸልታ ዋጋ የሚከፈለው በባለ መኪናው ኪስ ብቻ አይደለም። ከጭቃ መውጣት ያቃተው አምቡላንስ ምጥ ላይ ያለችውን እናት ያዘገያል። በገበያ ቀን ከእህል ጆንያ በላይ ሰው ጭኖ የሚከንፍ መኪና ጎማው ሲፈነዳ የሚጎዳው የማኅበሩ አባል ነው። እርጥብ ማሳ የጠቀጠቀ ትራክተር ኪራዩን ተቀብሎ ይሄዳል፤ የጠጠረው አፈር ግን ለገበሬው ይቀራል። ስለዚህ ጉዳዩ ለሾፌርና ለጎሚስታ ብቻ የሚተው ሳይሆን፣ «ይግባ» ወይም «አይግባ» ብሎ የሚወስነው የማኅበር መሪ ጠንቅቆ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ሸክሙን የሚሸከመው ነፋሱ ነው

ብዙ ሰው መኪናን የሚሸከመው ላስቲኩ ይመስለዋል። ላስቲኩና በውስጡ ያለው ክር ሥራቸው ነፋሱን አፍኖ መያዝ ነው። ሸክሙን የሚችለው የታፈነው ነፋስ ነው። ጎማው መሬት ላይ የሚያርፍበት ስፋትም በዚሁ ነፋስ ይወሰናል። ነፋሱ ሲበዛ ጎማው ይወጠርና በጠባብ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ሲቀንስ ይለዝብና በሰፊው ይተኛል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። በአንድ ጎማ ላይ 1,000 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 10 ኩንታል፣ ክብደት አርፏል ቢባልና ጎማው 35 ፒ.ኤስ.አይ. ነፋስ ቢይዝ፣ መሬት የሚነካው 400 ሴንቲ ሜትር ካሬ ያህል ነው፤ ይህም አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር ገደማ መሆኑ ነው። ነፋሱ ወደ 18 ቢወርድ የሚነካው ስፋት ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ በተለይም ወደ ርዝመቱ ይዘረጋል። ክብደቱ ያው 10 ኩንታል ነው፤ መሬቱ ግን በእያንዳንዱ ጣት ስፋት ላይ የሚቀበለው ጫና በግማሽ ያህል ይቃለልለታል። በጭቃ ላይ ጣውላ ወይም የደንገል እስር አንጥፎ የሚራመድ ሰው የማይሰጥመው ክብደቱ ስለ ቀነሰ ሳይሆን ስለ ተዘረጋ እንደሆነ ሁሉ፣ የጎማውም ጉዳይ እንደዚያው ነው።

ይህ ዕውቀት የተገኘው በብዙ ልፋት ነው። ትራክተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሄደው በብረት እግር ነበር። ነፋስ የሚሞላው ጎማ በእርሻ ትራክተር ላይ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ፣ አሊስ ቻልመርስ በተባለው ፋብሪካ ትራክተር ላይ ሲሆን፣ ጎማውም የፋየርስቶን ነበር። ራልፍ ባግኖልድ የተባለው የእንግሊዝ ጦር መኮንንም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ የሊቢያን በረሃ በፎርድ መኪናዎች ሲያቋርጥ፣ የጎማን ነፋስ መቀነስ በአሸዋ ላይ ምን ያህል እንደሚረዳ በሥራ አሳይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በየብስም በውኃም የሚሄደው ደክ የተባለው የአሜሪካ የጭነት መኪና፣ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ ነፋሱን እንዲጨምርና እንዲቀንስ ተደርጎ ተሠርቶ ነበር።

በባሕር ዳርም የእርሻ መኪና ትምህርት እንግዳ ነገር አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ የእርሻ መካኒክነት ነበር። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ልኩ የሚገኘው የት ነው?

የጎማ ነፋስ ልክ በግምት ወይም በልማድ የሚወሰን አይደለም። የመኪናው ፋብሪካ ልኩን ጽፎ በሾፌሩ በር አካባቢ ባለው ብረት ላይ ይለጥፈዋል፤ በመኪናው መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ የፊትና የኋላ ጎማ ልካቸው ይለያያል፤ መኪናው ባዶ ሲሆንና ሲጫንም ቁጥሩ ይለወጣል። ትራክተር ከሆነ ልኩ የሚነበበው በመጽሐፉ ወይም በጎማው ፋብሪካ ሠንጠረዥ ላይ ነው።

በጎማው ጎን ላይ በላስቲክ የተጻፈው ቁጥር ግን ብዙዎችን ያሳስታል። ይህ ቁጥር ጎማው ሊሸከመው የሚችለውን የመጨረሻ ክብደትና ያን ጊዜ የሚያስፈልገውን ነፋስ የሚገልጽ እንጂ፣ ሁልጊዜ ይሞላ የሚል ትእዛዝ አይደለም። በጎኑ ላይ 7.50-16 ተብሎ ቢጻፍ የጎማው ወርድ ሰባት ተኩል ኢንች፣ የቸርኬው ዲያሜትር 16 ኢንች ነው ማለት ነው። በመካከሉ «አር» የሚለው ፊደል ካለበት ጎማው ራዲያል ነው። «ፒ.አር.» ከሚለው ምልክት ጋር ያለው ቁጥር ደግሞ የጎማውን የክር ጥንካሬ ያመለክታል። ስለዚህ በመጠን አንድ የሆኑ ሁለት ጎማዎች የሚችሉት ጭነት የተለያየ ሊሆን ይችላል።

የመለኪያው ዓይነትም መለየት አለበት። ጎሚስታዎች በብዛት የሚናገሩት በፒ.ኤስ.አይ. ነው። ሌላው መለኪያ ባር ሲሆን፣ አንድ ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። በአንዳንድ መለኪያ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ስለሚጻፉ፣ ሁለት ተኩል ባር የተባለውን 25 ፒ.ኤስ.አይ. አድርጎ የሚሞላ ሰው ጎማውን 11 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል አጉድሎ ይሰደዋል። ለአነስተኛ መኪናና ለፒክ አፕ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ልክ ከ30 እስከ 40 አካባቢ ነው። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና 100 እና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። የትራክተር የኋላ ጎማ ደግሞ በአብዛኛው ከ12 እስከ 24 ባለው ውስጥ ይሠራል። እነዚህ ለማነጻጸሪያ ያህል የቀረቡ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ መኪና የሚታመነው በራሱ ላይ የተጻፈው ነው።

ነፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ወይም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ ነው። ጎማን በእግር መትቶ ወይም በበትር ነክቶ «ደህና ነው» ማለት ልኬት አይደለም። የጭነት መኪና ጎማ 60 ፒ.ኤስ.አይ. ቢይዝም ሆነ 90 ለዓይንም ለእግርም አንድ ይመስላል። ያለ መለኪያ ሊታወቅ የሚችለው ነገር ካለ የጎማው አበላል ነው፤ መካከሉ ብቻ ከተበላ ነፋሱ በዝቶ ኖሯል፣ ሁለት ጠርዞቹ ብቻ ከተበሉ አንሶ ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህ ምልክት የሚታየው ጎማው ከተጎዳ በኋላ ነው።

ጭቃ ሁሉ አንድ አይደለም

በጣና ዙሪያ ያለ ሾፌር ሁለት ዓይነት ጭቃ ያጋጥመዋል። አንደኛው በሜጫና በሌሎችም ቀይ አፈር ባለባቸው ቦታዎች የሚገኘው፣ ላዩ የሚያንሸራትት ሆኖ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ያለው ነው። ሁለተኛው የፎገራና የደምቢያ ዋልካ ሲሆን፣ ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ እርጥበቱ በጥልቀት ይወርዳልና ጎማ የሚያርፍበት ጠንካራ ወለል ቅርብ አይደለም።

በመጀመሪያው ዓይነት ጭቃ ነፋሱን መቀነስ ያን ያህል አይጠቅምም። ጎማው በልኩ ተሞልቶ ስስ የሆነውን ጭቃ ቆርጦ ጠንካራውን መሬት ቢይዝ ይሻላል። በሁለተኛው ግን ቆርጦ መግባት መስጠም ነው። እዚህ ላይ ነፋሱ ሲቀንስ ጎማው ይሰፋል፤ በሚለዝብበትም ጊዜ ጥርሱ እየታጠፈና እየተቃና ስለሚሄድ የተጣበቀበትን ዋልካ ያራግፋል። ዋልካ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ እንደ ለሰለሰ ድንጋይ ሲያደርገው መኪናው ባለበት እንደሚሽከረከር የታወቀ ነው።

ለአነስተኛ ባለ አራት እግር መንጃ መኪና ጭነቱ ቀላል በሆነ ጊዜ በዋልካ ላይ ከልኩ እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ መቀነስ ይቻላል። ልኩ 36 የሆነ ጎማ ወደ 24 ይወርዳል ማለት ነው። እንደ 18 ያለው ዝቅተኛ ቁጥር ለአሸዋ እንጂ ለጭቃ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከ15 በታች ከተወረደ ጎማው በመታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ነፋሱ የተቀነሰለት መኪና በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ መነዳት፣ በድንገትም መጠምዘዝ የለበትም። አስፋልት ላይ ከመውጣቱ በፊትም ነፋሱ ወደ ልኩ መመለስ አለበት። መልሶ የሚሞላበት ፓምፕ ወይም ኮምፕሬሰር ያልያዘ ሾፌር ነፋስ ማስተንፈስ አይገባውም።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። የመጀመሪያው ከመነዳሪ ያለውን ጎማ የሚመለከት ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ነፋሱ በጣም ሲቀንስ በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ከመነዳሪውን ይዞ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ቫልቮላው ከሥሩ ይበጠሳል። ስለዚህ ከመነዳሪ ባለው ጎማ ላይ ቅነሳው ጥቂት፣ ጉዞውም አጭር መሆን አለበት።

ሁለተኛው እህል የጫነን መኪና ይመለከታል። እስከ አፉ የተጫነ አይሱዙ ጭቃ ሲይዘው ነፋስ ላስተንፍስ ማለት ጎማውን አውቆ መግደል ነው። ልኩ የተሰጠው ለዚያ ጭነት ስለሆነ ነፋሱ ሲጎድል ሸክሙን የሚችል አይኖርም። የዚህ መፍትሔ ማራገፍ ነው። ጆንያው በአህያና በሰው ትከሻ እስከ ጠንካራው መንገድ ቢወጣ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ጎማ ፈንድቶ መኪናው ቢገለበጥ ግን የሚጠፋው በቀን የሚቆጠር አይሆንም።

ሰላም በሆነባቸው ዓመታት በመተማ ገብተው በጎንደርና በባሕር ዳር የሚያልፉት፣ ቤት የተሠራባቸው የቱሪስት መኪናዎች ባለቤቶች ከዚህ የሚገኝ አንድ ልምድ አላቸው። መኪናቸው አልጋውን፣ ምድጃውን፣ የውኃና የነዳጅ በርሜሉን ሁልጊዜ ተሸክሞ ስለሚሄድ ባዶ የሚባልበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ጠንቃቃ የሆኑት በእያንዳንዱ የጎማ ጥንድ ላይ የሚያርፈውን ክብደት በሚዛን አስለክተው ነፋሱን በዚያ መጠን ይሞላሉ። ለአምቡላንስና ለማኅበር መኪናም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ልኩ የሚወሰነው በመኪናው ስም ሳይሆን በያዘው ክብደት ነው።

መኪና ከተያዘም በኋላ ሞተሩን አስጩሆ ጎማ ማሽከርከር ጉድጓዱን ያጠልቃል እንጂ አያወጣም። ሰው ይውረድ፤ በጎማው ፊት ያለው ጭቃ በአካፋ ይነሣ፤ ድንጋይ ወይም ቅርንጫፍ ይነጠፍ፤ ከተቻለም በመጣበት ዱካ ወደ ኋላ ይመለስ። አምቡላንስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ በክረምት ክፉ የሚባሉትን ቦታዎች አስቀድሞ ለይቶ ድንጋይ ማዘጋጀት የማኅበሩ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ትራክተሩና ማሳው

በመንገድ ላይ የተያዘ መኪና ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። በማሳ ላይ የሚደርሰው ግን ተደብቆ ይቆይና በአዝመራው ጊዜ ይገለጣል። እርጥብ ዋልካ በጎማ ሲረገጥ በውስጡ ያሉት የአየርና የውኃ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ከማረሻው በታችም ጠጣር ንጣፍ ይሠራል። ውኃ አይሰርግበትም፣ ሥር አይወርድበትም።

የሩዝ ገበሬ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ሩዝ ውኃ የሚቋጥር መሬት ይወዳል፤ መሬቱ ቢጠጥር ምን ይጎዳዋል? እርግጥ ነው፣ ለሩዙ ጥቂት መጥጠሩ ውኃ ያቆይለታል። ነገር ግን በፎገራ ሩዙ እንደ ተነሣ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ የሚዘራ ገበሬ አለ። እነዚህ ሰብሎች የሚኖሩት ወደ ታች ሥር ሰድደው እርጥበት በመፈለግ ነው። ንጣፉ ሥራቸውን ከከለከለ ውኃው ከሥር ተኝቶ ሳለ ላዩ ላይ ይደርቃሉ። ስለዚህ በሩዙ አጨዳ ጊዜ የገባው ተሳቢ በሽምብራው ላይ ፈርዶ ይወጣል።

ጎማ በአፈሩ ገጽ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከያዘው ነፋስ ጋር የተቀራረበ ነው። በ24 ፒ.ኤስ.አይ. የሚያርስ ትራክተር በ14 ከሚያርሰው ይልቅ የላዩን አፈር እጅግ ይጠቀጥቃል። ትራክተሮች ከቀበሌ ቀበሌ በመንገድ ስለሚጓዙ ለመንገድ የተሞላውን ነፋስ እንደ ያዙ ማሳ የሚገቡበት ጊዜ አለ። የጎማው ሠንጠረዥ በሚፈቅደው መጠን ለእርሻ ዝቅ ማድረግ፣ ለመንገድ መልሶ ከፍ ማድረግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ወደ ጥልቁ አፈር የሚወርደውን ጫና የሚወስነው ነፋሱ ሳይሆን ጠቅላላው ክብደት ነው። ስለዚህ የተጫነ ተሳቢ ነፋሱ ቢቀንስም ባይቀንስም እርጥብ ማሳ ውስጥ መግባት የለበትም። ምርቱ ወደ ማሳው ዳር ይምጣለት እንጂ እሱ ወደ ምርቱ አይሂድ።

ማሳው ለትራክተር መድረሱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር ይወጣና በመዳፍ መካከል ይድቦልቦላል። ሳይበጣጠስ እንደ ወፍራም ክር የሚቀጥን ከሆነ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ትራክተር አይግባ። ክር ሳይሆን የሚፈረፈር ከሆነ ግን መግባት ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ቀን መታገሥ የአንድ ዓመት አፈር ሊያድን ይችላል። ከጠቅላላው ጉዳት አብዛኛው የሚደርሰው በመጀመሪያው ርግጫ ስለሆነም፣ ትራክተሩ በየጊዜው አዲስ ቦታ ከሚረግጥ በአንድ ዱካ ቢመላለስ ይመረጣል።

ነፋሱና ክብደቱ የተስማሙ መሆናቸው የሚታወቅበት ሌላም ዘዴ አለ። በኋላ ጎማው ላይ በኖራ ምልክት ይደረግና ትራክተሩ ማረሻውን አንሥቶ ጎማው አሥር ጊዜ እስኪዞር የሄደው ርቀት ይለካል። ከዚያም እያረሰ አሥር ጊዜ ሲዞር የሄደው ይለካል። የመጀመሪያው 50 ሜትር፣ ሁለተኛው 43 ሜትር ቢሆን ጎማው 14 በመቶ ያህል ተንሸራቷል ማለት ነው። ከ10 እስከ 15 በመቶ ያለው ደህና ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ነዳጅ በከንቱ ይቃጠላል፣ ጎማ ይበላል፣ አፈሩም እንደ ጭቃ ቤት ልስን ይለሰናል። አንዳንድ ባለ ትራክተሮች መንሸራተቱን ለመቀነስ በጎማው ውስጥ ውኃ ይሞላሉ። ይህ በደረቅ መሬት ላይ የሚረዳ ሲሆን በእርጥብ ማሳ ግን ተጨማሪ ሸክም ነው። ውኃ ያለበት ጎማ ሲለካ ቫልቮላው ወደ ላይ መዞር አለበት።

ሙቀትና የዓባይ በረሃ

ከባሕር ዳር እህልና ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ዓባይ በረሃን ያቋርጣል። በዚህ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ፍሬን የተያዘበት ቸርኬ ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ጎማው ይተላለፋል። ነፋሱ ጎድሎ የገባ ጎማ ከዚህ ሌላ የራሱ ሙቀት አለበት፤ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ስለሚዘረጋ ከውስጥ ይፈላል፣ ክሩ ከላስቲኩ ይለያያል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ጎማ የሚፈነዳው ነፋስ ስለ በዛበት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በጭነት መኪና ላይ ግን የነፋስ ማነስ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

በመንገድ ላይ የጋለ ጎማ ሲለካ ከጠዋቱ ከፍ ያለ ቁጥር ማሳየቱ የተፈጥሮ ነው። የጎማው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 35 የያዘው ጎማ አንድ ተኩል ያህል፣ 80 የያዘው ደግሞ ሦስት ያህል ይጨምራል። ሾፌሩ ይህን አይቶ «ሊፈነዳ ነው» በማለት ቢያስተነፍሰው ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል፤ በማግስቱም በጎደለ ነፋስ ይነሣል። ስለዚህ የጋለ ጎማ አይነካም፤ ከሩቅ ቆሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ቁልቁለቱም በፍሬን ሳይሆን በከባድ ማርሽ ይወረዳል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። መኪና በ1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ የውጪው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው አንድ ተኩል ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ከፍ አድርጎ ያሳያል። ይሁን እንጂ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ቅዝቃዜው በአንጻሩ ቁጥሩን ስለሚቀንሰው ሁለቱ በአብዛኛው ይቻቻላሉ። በየጠዋቱ የሚለካ ሰው ከዚህ የተለየ ስሌት አያስፈልገውም።

የማኅበር መሪ ምን ማየት ይገባዋል?

አንደኛ፣ ማኅበሩ ሁለት መለኪያ ይኑረው፤ አንዱ ለትራክተር የሚሆን ዝቅተኛ ቁጥር የሚያነብ፣ ሌላው ለጭነት መኪና። ለጭነት መኪና የተሠራ መለኪያ 14ን ከ20 በትክክል አይለይም። ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛ፣ ከትራክተር ባለቤት ጋር ሲዋዋሉ የሚታረሰው ስፋትና ሒሳቡ ብቻ አይጻፍ። ማሳው ሳይደርስ እንደማይገባ፣ ነፋሱም ለእርሻ ዝቅ እንደሚደረግ በውሉ ይግባ። የኪራይ ሾፌር የሚቸኩለው የሚከፈለው በታረሰው ስፋት ስለሆነ ነው፤ ውሉ ላይ ያልተጻፈን ነገር በማሳው ዳር ቆሞ መከራከር አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ጥንድ የኋላ ጎማ ያላቸው የጭነት መኪናዎች ሲጫኑ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ነፋስ መያዛቸው ይታይ። አንዱ ከጎደለ ሌላው የሁለቱን ሸክም ይወስድና አስቀድሞ ይፈነዳል። በመካከላቸው የተቀረቀረ ድንጋይም ይውጣ።

አራተኛ፣ የስኮርታው ጎማ ነፋስ ከሌሎቹ ጋር ይለካ። ለአምቡላንስ ይህ በተለይ አስፈላጊ ነው፤ ሌሊት የሚነሣ መኪና ባዶ ስኮርታ ተሸክሞ መሄድ የለበትም። የቫልቮላ ክዳንም ቀላል ነገር ቢመስልም ጭቃ እንዳይገባና ነፋስ እንዳያልፍ ስለሚከላከል አይጣል።

አምስተኛ፣ በመንገድ ዳር ጎማ ሲነፋ ልጆች ይራቁ። በቀለበት የሚገጠም ቸርኬ ያለው የጭነት መኪና ጎማ ሲሞላ ቀለበቱ በትክክል ካልተቀመጠ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ጎሚስታው በፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎን፣ በረጅም ቱቦ መሙላት አለበት። ከልኩ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ጎድሎ ሲነዳ የቆየ የጭነት መኪና ጎማም ወርዶ ውስጡ ሳይታይ ዝም ተብሎ አይሞላም፤ ክሩ ተጎድቶ ከሆነ በሚሞላበት ሰዓት ሊፈነዳ ይችላል።

ስድስተኛ፣ በገበያ ቀን በእህል ላይ ሰው አይጫን። ለጭነቱ የተሞላው ነፋስ ከላይ ለሚወጡት ሃያ ሰዎች አልተሞላም። የሃያ ሰው ክብደት ከ10 ኩንታል በላይ ነው፤ ይህም ሁሉ ተጨማሪ ሆኖ የሚያርፈው በእነዚያው ጎማዎች ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው መለኪያ፣ ፓምፕና ጠዋት ላይ አሥር ደቂቃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በጣና ዳር ያለ የማኅበር መሪ ትራክተር ሲመጣለት አስቀድሞ አፈሩን በመዳፉ ያድቦልቡል፤ ከዚያም ነፋሱ እንዲለካ ያድርግ። ሁለቱ ካልተስማሙ ባለ ትራክተሩ ቢቆጣም፣ ተራ የሚጠብቀው ገበሬ ቢያጉረመርምም፣ «ዛሬ አይገባም፤ ከነገ ወዲያ ና» ለማለት መድፈር አለበት።